9 ከ10 የሰጠሁት አረቄ

ማስታወሻ ደብተሬ ገጽ 14 ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦ «መልኩ ጥርት ያለ። ጉሮሮ ላይ እሳት! 9 ከ10።» ይህን በጻፍኩ በማግስቱ፣ ያ ዘጠኝ ነጥብ ያገኘ አረቄ ጓደኛዬን ሆስፒታል አስተኛው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

መቼም ሰው ሁሉ የየራሱ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አለው። አንዱ ኳስ ያሳድዳል፣ አንዱ ቴምብር ይለቅማል፣ አንዱ ፊልም ሲያይ ያድራል። የኔ ደግሞ አረቄ መቅመስ ሆነላችሁ። መጠጣት አላልኩም፣ መቅመስ! (ይቺን ልዩነት ያዙልኝ። በኋላ ታፋጥጠኛለች።)

የሚገርመው ነገሩን ያስጀመሩኝ ሰው አረቄ በአፋቸው አይዞርም። በሰፈራችን አንድ ጎልማሳ አሉ፤ በ1971 ዓ.ም. አካባቢ ወላጆቻቸውን በጦርነት አጥተው ወደ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ስፍራ ተምረው አድገው ነው የተመለሱት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ከውጭ ሲመጣ ሲጋር ይዞላቸው መጣ። ሲጋራ አላልኩም፣ ሲጋር! ያ ፊደል ካስትሮ አፍ ላይ የምናውቀው ወፍራሙ። (ካስትሮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1985 ማጨስ አቁመው ነበር። ፎቶግራፋቸው ግን እስከ ዛሬ ያጨሳል።)

እኔ ጉረኛው ተቀበልኩና ጭሱን ወደ ሳንባዬ ጎተትኩት። እንባዬ እስኪወርድ ሳልኩ። እሳቸው ስቀው ስቀው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይሄ አይሳብም፤ ይቀመሳል» አሉኝ። ከዚያ አስተማሩኝ። ሲጋር ገና ሳይለኮስ ይሸተታል። በጣት ቀስ ተደርጎ ይጫናል፤ ቅጠሉ አንድ ቦታ ጠጥሮ ሌላ ቦታ ባዶ ከሆነ አጠቃለሉ ጥሩ አይደለም። ሳይለኮስ አየር ይሳብበታል። ከተለኮሰ በኋላ ጭሱ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ ምላስ ላይ ይዞራል፣ ይወጣል። ወደ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያው ሲሶ፣ የመካከለኛው ሲሶና የመጨረሻው ሲሶ ጣዕማቸው ይለያያል። «የሚቸኩል ሰው የመጀመሪያዋን ሲሶ ቀምሶ ይፈርዳል» አሉኝ። ካልሳቡት አይጎዳም ማለታቸው ግን እንዳይመስላችሁ። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር በሲጋርም ይመጣል። እሳቸውም ቢሆኑ በዓመት አንዴ፣ ያውም ግማሹን ነው።

በመጨረሻ የወረወሯት ቃል ናት እኔን ያበላሸችኝ። «እናንተ እኮ አረቄ አላችሁ። ግን ማን ይቀምሰዋል? ሁሉም ይገለብጠዋል!»

በሳምንቱ ደብተር ገዛሁ።

እናላችሁ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። የደብረ ብርሃን የሚባለውን፣ የአርሲ ነገሌውን፣ ከጎጃም የሚመጣውን የግብጦ አረቄ፣ የኮሶውን፣ የማሩን... አንድ መለኪያ አዛለሁ፣ ብርሃን ላይ አነሳዋለሁ፣ አሸታለሁ፣ እጎነጫለሁ፣ እጽፋለሁ። ኮማሪዎቹ መጀመሪያ የግብር ሰው መስያቸው ይደነግጡ ነበር። በኋላ ለመዱኝ። ጓደኞቼ «ቀማሹ» የሚል ስም አወጡልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሙን ወድጄው ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ያላመጣልኝን ክብር አረቄ አመጣልኝ!

ነጥብ የምሰጠው እንዴት ነበር? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ያቃጠለኝ ሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኝ ነበር። ጉሮሮዬን የላጠኝ 9፣ ለስለስ ያለው 5፣ ዝም ያለኝ 3። ይሄኔ ከእናንተም መካከል «ታዲያ ጥሩ አረቄ ማለት የሚያቃጥል አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ያን ቀን ማታ ጓደኛዬ አዲስ ሥራ መያዙን ልናከብር ወጣን። እኔ የመረጥኩት አንድ ቤት ሄድን። አንድ መለኪያ ቀመስኩ፤ እሳት! ደብተሬን አውጥቼ 9 ጻፍኩ። እሱ ነጥቡን አየና «ቀማሹ ዘጠኝ ከሰጠውማ!» ብሎ አምስት መለኪያ ጠጣ። በደህና ተለያየን። በማግስቱ እኔ ራሴን ሲፈልጠኝ ዋለ። እሱ ከቀትር በኋላ ደወለልኝ። ሲያስመልሰው ነው የዋለው። «ጉም ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። «ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አይታየኝም።»

ሐኪሞቹ ሜታኖል ነው አሉ።

ሜታኖል ምን መሰላችሁ? እኛ የምንጠጣው አልኮል ኢታኖል ይባላል፤ ሜታኖል የእሱ መርዘኛ የአጎት ልጅ ነው። ለቀለም ማቅጠኛ፣ ለማጽጃ፣ ለፋብሪካ ሥራ የሚውል። መልኩ ያው ውሃ፣ ሽታውም ያው የአልኮል ሽታ። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም መጠጥ ሞቅ ያደርጋል። ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ሰውነት ፎርሚክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ እሱ ነው የዓይን ነርቭ የሚያጠቃው። 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ንጹህ ሜታኖል ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያ ብዙም ያልራቀ መጠን ደግሞ ይገድላል። ጓደኛዬ ተረፈ። የግራ ዓይኑ ግን እስከ ዛሬ መሃል መሃሉ ላይ ጉም አለው።

እህል በወግ ተጠንስሶ ሲወጣ ሜታኖሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ሰው ነበር የፋብሪካ አልኮል የደባለቀው። ማን እንደሆነ ሳናውቅ ቀረን። እኔ ግን የማውቀው አንድ ሰው አለ። 9 ከ10 የሰጠው።

ደብተሬን አልጋ ሥር ወረወርኩት።

ጥር 2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ከተማዋን የምታውቁ ብርዷን አትረሱትም፤ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ሌላ ምን ታድርግ? ዛሬ ሀበሻና ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ተክለውባታል። ብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው ስሟን ያስጠራው። በየጓዳው የሚወጣው የገብስ አረቄ ግን ከሁሉም የቆየ ነው። አክስቴ ነገሬን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን አጣፋችና «ተነስ፣ አንድ ሰው ላሳይህ» አለችኝ።

የወሰደችኝ አንዲት በስልሳዎቹ መጨረሻ ያሉ እናት ቤት ነው። አረቄ በማውጣት አራት ልጅ አስተምረዋል። ገና ከበሩ የጌሾና የጭስ ሽታ ተቀበለን። በአንድ በኩል ድፍድፉ በበርሜል ተቀምጧል። ጌሾና ብቅል ተፈጭቶ ይጠነሰሳል፣ አራት ቀን ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ የተቆራረሰ ቂጣ ገብቶበት እንደገና ይብላላል። ይሄ ሌላ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ግን ብርዱ ያስተኛዋል፤ እትዬ በርሜሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለውታል። ብርድ ልብሱ የዚያው የከተማዋ ፋብሪካ መሆኑን ሳይ ሳቅሁ።

በሌላ በኩል ማሰሮው ምድጃ ላይ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ተመርጓል፤ ትንፋሽ እንዳያመልጥ። ከላይ ሸንበቆ ወጥቶ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ወደተቀመጠ የመዳብ ዕቃ ይወርዳል። በባህር ጠለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈሉት፤ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ሁለቱም ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ሙያው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። እሳቱ ከበዛ ውሃው ተከትሎ ይመጣል፣ ድፍድፉም ከሥር ያርርና አረቄው ያረረ ያረረ ይላል። እትዬ ቴርሞሜትር የላቸውም። ሸንበቆውን በመዳፋቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ማሰሮው ያስጠጋሉ፣ ከዚያ አንድ ኩበት ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ለምን እንጨት አይጠቀሙም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እንጨት ይቸኩላል። ኩበት ታጋሽ ነው» አሉኝ።

አክስቴ አፏ አያርፍ! «ይሄ እኮ አረቄ ቀማሽ ነው» አለቻቸው። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ምንም ሳይሉ ሦስት መለኪያ አሰለፉ። ከሦስት የተለያየ ጠርሙስ ቀዱ። «እስቲ የቱ ይበልጣል?»

ወዳጆቼ፣ ያኔ ላብ አጠመቀኝ። የመጀመሪያውን ጎነጨሁ፤ ወይ እሳት! አፍንጫዬን ሰርስሮ ወጣ። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ የተቆላ ገብስ የመሰለ ነገር አለው። ሦስተኛው ውሃ ውሃ ይላል፣ ኮምጠጥ ብሎ አተላ አተላ ይሸታል። «የመጀመሪያው!» አልኩ በልበ ሙሉነት።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አክስቴም አብራ ሳቀች፤ ምን እንደሚያስቃት ታውቅ ይመስል!

«እሱን እኔ ጉልበቴን ነው የማሽበት» አሉኝ።

ለካስ ሦስቱም የአንድ ቀን፣ የአንድ ማሰሮ አረቄ ናቸው። ዳግም ሲወጣ፣ ማለትም ተራው አረቄ ተመልሶ ሁለተኛ ሲጣራ፣ መጀመሪያ ላይ የሚንጠባጠበውን ለብቻ ያስቀምጡታል። የሚሸጡት የመሃሉን ነው። የመጨረሻው፣ ጭራው፣ ተመልሶ ከሚቀጥለው ድፍድፍ ጋር ይገባል። እኔ ጀግናው ከሦስቱ የማይጠጣውን መርጬ ቁጭ! «አሁን ደግሞ አሽትተው» አሉኝ። አሸተትኩ። በእናታችሁ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው የሚሸተው! እንዴት አፌን አቃጥሎ አፍንጫዬን እንዳሳወረኝ እንጃ። ያ ሽታ ቀድመው ከሚተኑት፣ አሴታልዲሃይድና ኢታይል አሲቴት ከሚባሉት ነገሮች የሚመጣ ነው። አፍ ላይ «ጠንካራ» ይመስላሉ፤ በማግስቱ ራስ ላይ የሚደልቀውን ከበሮ ከሚያባብሱት መካከል ናቸው።

«አንተ ጉሮሮህን ነው የጠየቅከው» አሉኝ እትዬ። «ጉሮሮ ምን ያውቃል? ሚጥሚጣም ያቃጥለዋል።»

ከዚያ አሳዩኝ። ጥቂት ጠብታ መዳፋቸው ላይ ጣል አድርገው አሹት። አልኮሉ ተኖ እስኪያልቅ ጠበቁና አሸተቱት፤ ለእኔም ሰጡኝ። የመሃሉ መዳፍ ላይ የገብስ ቆሎ ሽታ ጥሎ ይሄዳል። ያረረ ከሆነ ጭሱን ይናገራል። በፕላስቲክ ጀሪካን ከርሞ የመጣ ከሆነ ጀሪካኑን ይናገራል። ቀጥለው በመለኪያው ውስጥ ያህሉን ውሃ ጨመሩበት። እኔ «ኧረ ይበላሻል!» ብዬ ልጮህ ነበር። ውሃ ሲገባበት ቃጠሎው ይተኛና ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይወጣል። የደፈረሰ እንደሆነ ጭራው ተቀላቅሎበታል ብለው ይጠረጥራሉ። የውጭ አገር የውስኪ ባለሙያዎችም በውሃ ወደ 20 በመቶ ገደማ አውርደው እንደሚያሸቱ በኋላ ሳነብ፣ እትዬ ስኮትላንድ ሄደው ያውቁ ይሆን እንዴ አልኩ።

በመጨረሻ በትንሹ ጎንጨት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ አዞሩት፣ ወደ ምድጃው አመድ ተፉት።

«አይውጡትም?»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሳወጣ ብውጠው ኖሮ ዛሬ ማን ያናግርህ ነበር?» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «አንተ በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትቀምሰው?»

«አራት... አንዳንዴ አምስት።»

«ትተፋዋለህ?»

ዝም አልኩ። እትዬም ዝም አሉ። አክስቴ ጣራ ጣራ ታያለች።

«እሱ መቅመስ አይባልም» አሉኝና ኩበቱን ሊቆሰቁሱ ዞሩ።

እስከ ዛሬ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው፤ ስድብ ስላልነበረ ይመስለኛል። ሒሳቡን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሠራሁት። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። አንዲት መለኪያ በአልኮሏ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር ትቀራረባለች። እኔ በአንድ ምሽት ሦስት ቤት «ለንጽጽር» እያልኩ ስዞር የነበረው እንግዲህ ምን ነበር? ደብተር የያዘ ጠጪ እኮ ጠጪ ነው።

በማግስቱ አንኮበር ወጣን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእነ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የተቀመጡበት። ከላይ ሆናችሁ ወደ ቆላው ስትመለከቱ ጉሙ ከእግራችሁ በታች ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን ሻይ ስንጠጣ፣ አጠገባችን ጋቢ የተከናነቡ ሁለት ሽማግሌዎች የኮሶ አረቄ ይዘዋል። አንዱ ለእኔ ዘርጋ አደረጉልኝ፤ «እንካ፣ ብርዱን ያስለቅቅሃል!»

ይሄ ነገር እዚያ አገር ሃይማኖት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነው። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ሲመጣ ሙቀት ይሰማችኋል፤ ያ ሙቀት ግን ከውስጥ ወጥቶ ለአንኮበር ነፋስ እየተሰጠ ነው። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ከመጠጣታችሁ በፊት ከነበረው የባሰ ትበርዳላችሁ። ይሄን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። በጠዋት የአባት አረቄ ተቀብሎ ትምህርት መስጠት ነውር ነው። ተቀበልኩና መዳፌ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጌ አሸሁት፣ አሸተትኩት። ኮሶው ሁሉን ሸፍኖታል። መራራ ነገር ያለበትን አረቄ መዳኘት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ፤ ምሬቱ ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ያደርገዋል። ሽማግሌው ሁኔታዬን አይተው፣ «ይሄ ልጅ ደህና ነው?» ብለው አክስቴን ጠየቋት።

አሁን ደብተሬን ከአልጋ ሥር አውጥቼዋለሁ። የምቀምሰው ግን በወር አንድ ቀን ነው፤ ያውም በልቼ፣ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ፣ መትፊያ ኩባያ ይዤ። (ጓደኞቼ ይቺን ኩባያ ካዩ ወዲህ «ቀማሹ» ቀርቶ «ተፊው» ሆኛለሁ።) መጀመሪያ መዳፍ፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ከዚያ ውሃ፣ ምላስ መጨረሻ። ለቃጠሎ ነጥብ አልሰጥም። የምጽፈው ቃጠሎው ካለፈ በኋላ አፍ ውስጥ የቀረውን ነው። ገብስ ነው ወይስ ጭስ? ጀሪካን ነው ወይስ ጌሾ? የሲጋሩ ሰውዬ ሦስት ሲሶ እትዬ ዘንድ በሦስት መለኪያ ቀርቦልኝ እንደነበር እንኳ የገባኝ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ደብተሩ ላይ ነጥብ የለውም። ሜታኖልን ምላስ አያውቀውም። መዳፍም አያውቀውም፣ የእትዬም አፍንጫ አያውቀውም። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ «ሰው የጨመረበትን እኔ በምን አውቃለሁ?» ነው ያሉት። ክብሪት ጭራችሁ ሰማያዊ ከነደደ ንጹህ ነው የሚባለውም ተረት ነው፤ ሜታኖልም ሰማያዊ ይነዳል። እሳት የሚነግራችሁ አልኮል መኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ማን እንዳወጣው የማታውቁትን፣ ከገበያው ዋጋ በግማሽ የረከሰውን አረቄ በየትኛውም ቀማሽ ምስክርነት እንዳትጠጡ፤ በእኔም ቢሆን። ጠጥታችሁ በማግስቱ ዓይናችሁ ላይ ጉም ከመጣ፣ ሆዳችሁን ከቆረጠ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ «ሀንጎቨር ነው፣ እተኛበታለሁ» አትበሉ። ያኔውኑ ሆስፒታል! መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ከተደረሰ ነው። ጓደኛዬ ግማሽ ቀን ተኝቶበታል። ከ21 ዓመት በታች የሆናችሁት ደግሞ ከመነሻው ይህን ገጽ ዝለሉት፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ለእናንተ መሸጥን ከልክሏል።

ጓደኛዬ መጠጥ ትቷል። ጋዜጣ ሲያነብ ወደ ቀኝ ዓይኑ ያስጠጋዋል። ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመላኬ በፊት ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ፈቃዱን ሰጠኝ። አንድ እርማት ብቻ አለው።

«አንድ መለኪያ ቀመስኩ ብለሃል» አለኝ። «ሁለት ነበር። ሁለተኛውን ስትጠጣ ደብተሩን አጥፈኸው ነበር።»